ነቃፊ ያጣች ትራክተር

ጋሼ ይሁን አዲሷን ትራክተር ዞሮ ዞሮ አያትና «መቼም ታምራለች» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ።

የጠበቀው ሻጩን አልነበረም። ሻጩማ አጠገቡ ቆሞ፣ ክራቫቱን በሁለት ጣቱ እያስተካከለ፣ ፈገግ እንዳለ ነበር። ጋሼ ይሁን የጠበቀው ከግራ ትከሻው ኋላ የሚመጣ ድምፅ ነው። «ምኗ ነው የሚያምረው? ጎማዋ እንደሆነ የሕፃን ጫማ ነው የሚያህለው» የሚል ዓይነት ድምፅ። አልመጣም። እንዴትስ ይመጣል፤ የድምፁ ባለቤት ከሞተች ዓመት አልፏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና ሚስቱ ዕቃ ሊገዙ ሲወጡ ሥራ ተከፋፍለው ነበር። እሱ ያመሰግናል፣ እሷ ትነቅፋለች። አልጋ የገዙ ጊዜ እሱ እንጨቱን ዳሰስ አድርጎ «ጥሩ እንጨት ነው» አለ። እሷ ጫፉን ይዛ ነቀነቀችውና «እዚህ ላይ የተኛ ሰው ሕልሙም ይንቀጠቀጥበታል» አለች። የውሃ ፓምፑን የገዙ ጊዜም እሱ «ጉልበታም ይመስላል» ሲል፣ እሷ «መምሰሉንማ ባለ ሱቁም ጉልበታም ይመስላል፣ ግን እስካሁን አንድ ወንበር አላመጣልንም» ብላ ሰውየውን ላብ በላብ አደረገችው። ምስኪን ሻጭ ወዴት ይዙር? ወደ እሱ ሲዞር ምስጋና፣ ወደ እሷ ሲዞር ነቀፋ። በመጨረሻ ግራ ይገባውና ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይገላገላቸዋል። «እናንተ ሰዎች ቤት ተመካክራችሁ ነው የምትመጡት» ያላቸውም ነበር።

ተመካክረው አያውቁም። ተፈጥሯቸው ነው። እሱ ዓይን አፋር ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ የሰውን ዕቃ «መጥፎ ነው» ማለት ከአፉ አይወጣም። እሷ ደግሞ ስንጥቁን ሳታይ ድስቱን አታይም። «እኔ ሳልነቅፍ የተቀበልኩት አንተን ብቻ ነው» ትለው ነበር፤ «እሱንም ቸኩዬ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፣ አንተ ግን አልፈታ አልክ።»

«ይሁን» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ለሚጠየቀው ሁሉ «ይሁን» ስለሚል ሰዉ የለጠፈበት ነው። ሲለጥፉበትም ሰምቶ «ይሁን» አለ ይባላል።

«እንግዲህ አባቴ» አለ ሻጩ፣ ዝምታው ሲረዝምበት፤ «ትንሽ ናት ብለው እንዳይንቋት። ለጠባብ ማሳ ተብላ የተሠራች ናት። በቦዩና በአጥሩ መሃል ትዞርልዎታለች። ቁልፍ ሲነኩ ትነሳለች፤ ብርድ አትል፣ ዝናብ አትል። ደግሞ ዋስትና አላት። ብትበላሽ ይደውሉልናል፣ እኛ ሰው እንልካለን።»

«ሰው?»

«ባለሙያ። ቤትዎ ድረስ ይመጣል።»

ይህች ነገር ጋሼ ይሁንን ደስ አለችው። «ሲመጣ ትንሽ ይቆያል?»

«ኧረ አይቆይም፣ ወዲያው ጨርሶ ነው የሚሄድልዎት» አለ ሻጩ፣ የሚያስደስተው መስሎት።

ጋሼ ይሁን እንደገና ዞራት። ቀለሟ መስታወት ሆኖ የራሱን ፊት አሳየው። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ፤ አንዲት የዘይት ጠብታ የለችም። እንደ ሚስቱ አንገቱን ዘንበል፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነቀፋ ፈለገ። ያገኘው ነገር ቢኖር መሪዋ ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ ነው።

«ይቺ ላስቲክ…» አለ።

«እሱ ሲረከቡ ይነሳል» አለው ሻጩ። ነቀፋውም እዚያው ላይ አለቀ። «ታዲያ እንፈራረም?»

«ይ…» ብሎ ምላሱን ነከሰ። ያቺን ቃል ከጨረሳት አለቀለት። «ቤት… ቤት ልማከር» አለ።

«ደግ አድርገዋል። እንዲያውም እናታችንን ይዘዋቸው ይምጡ። አብረው ቢያዩት ጥሩ ነው።»

«ይሁን» አለ ጋሼ ይሁን፤ ወጥቶም ሄደ።

ትራክተር የፈለገው አምሮት ይዞት አይደለም። ሽንኩርትና ድንች የሚያመርትበትን ማሳ እስከ አምና ድረስ በኪራይ የሚያርስለት ባለ ትራክተር ነበረው። ሰውየው ያለውን ሸጦ ከተማ ገባ። በዶማ እንዳይለው ወገቡ እሺ አይልም። ጎረቤቱ ጥድፊያ ይህን አይቶ አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ቆሞ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ እየተራመደ «ጋሼ፣ ማሳህን ለኔ አከራየኝና እረፍ። ዝናቡ ሳይገባ ንገረኝ» ብሎት አለፈ። ጥድፊያ የተባለውም ለዚሁ ነው። «እንደምን» ይልህና «አደርክ» የሚለውን ሌላ ሰው ጋ ደርሶ ነው የሚጨርሰው።

ከተማ ያለችው ልጁ ደግሞ «አከራይተህ እኛ ጋ ና» ትለዋለች። ክፍልም አዘጋጅታለታለች፤ ትንሽ ክፍል፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ካለበት ጎን። አንድ ጊዜ ሄዶ ሰንብቶባታል። ጠዋት ሁሉም በየፊናው ይወጣል፣ በር ይዘጋል፣ እሱና ማሽኑ ይቀራሉ። ማሽኑ እንኳ ሥራ ነበረው። አንድ ቀን ንፋስ ልቀበል ብሎ ወርዶ ሲመለስ፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውበት የልጁ የቱ እንደሆነ ጠፋው። ማንኳኳት አፈረ። ልጁ ከሥራ እስክትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ስትለው «ሰው እያየሁ ነው» አላት። አንድም ሰው አላለፈም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺን ክፍል ባሰበ ቁጥር ያ ደረጃ ይታየዋል።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ዝናቡ ሳይገባ ትራክተር ካላገኘ ማሳው ለጥድፊያ፣ እሱ ለዚያች ክፍል።

ቤት ገብቶ፣ እንዳለው፣ ሊማከር ተቀመጠ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር አጋጥሞታል፤ ለአንድ ሰው አንድ ጎን ይበቃል ብሎ። ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ነው የሚበላው። ሻጩ የሰጠውን ባለ ሥዕል ወረቀት ግድግዳው ላይ አስደገፈና «አየሻት?» አለ። «ጥሩ ናት። እኔ ምንም አላገኘሁባትም። አንቺስ?»

ማቀዝቀዣው ጉር ብሎ ዝም አለ። ጋሼ ይሁን ራሱን ሰማና አፈረ፤ ማንም ሳይኖር ጆሮው ድረስ ቀላ። ተነስቶ ሬዲዮኑን ከፈተ።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«እና?»

«ጥሩ ናት።»

«ላንተ ደግሞ ምን ጥሩ ያልሆነ ነገር አለ። ምንም የሚያስቸግር የላትም?»

«የላትም። ያለኝን ሁሉ ጠራርጋ ትሄዳለች እንጂ።»

«የጎደለውን እኔ እሞላለሁ ብዬህ የለ?»

«አሮጌም አለ ይላሉ። የልብስ ሰፊዋ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፋለች። እሷን እንኳ በራሴ አቅም እችላታለሁ።»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰች። «አባዬ፣ አሮጌ ስትገዛ የሌላ ሰው ችግር ነው የምትገዛው። ሜዳ ላይ ቀጥ ብትልብህ ማን ይደርስልሃል?»

«ጥድፊያ ያልፋል።»

«ማለፉንማ ያልፋል። ይቆማል ወይ?»

ጋሼ ይሁን ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። አነጋገሯ ቁርጥ እናቷን ነው። ሳቁ ገና ሳያልቅ ግን ከወዲያ የልጆች ጫጫታ ተሰማና «ልዝጋው አባዬ፣ ምግብ እየጠበቁኝ ነው» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ሬዲዮኑ ስለ አየር ሁኔታ ያወራ ነበር፤ ዝናቡ መንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ ሰፊዋ ዘንድ ሄደ። ቤቷ መንገድ ዳር ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከጓሮ የቆርቆሮ ጥላ፣ ከጥላው ሥር ሸራ የለበሰች ትራክተር። ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ትከሻዋ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተሸከመች ወጣች።

«እንደምን ዋሉ እህቴ። የመጣሁት… ለትራክተሯ ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ትራክተር ሊገዛ ብቻውን የመጣ ሰው ሳይ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። ሌላው መካኒክ አስከትሎ፣ አማች አስከትሎ፣ ለጠብ የመጣ ነው የሚመስል።»

«እነሱስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ መንቀፍ ነዋ። ይሄ ዝጓል፣ ያ ላልቷል፣ ይሄ ለቁራሌው ነው። እንዲያ ከሆነ ምን ልትሠሩ መጣችሁ ብዬ ሸኘኋቸው።» ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እርስዎ ግን ይምጡ፣ ይዩዋት።»

ሸራውን ገለጠች። ትራክተሯ ቀይ ነበረች፤ ፀሐይ መጦ መጦ የተወው ቀይ። አንዱ መብራቷ ተሰብሮ በጨርቅ ታስሯል፤ ዓይኗን ታማ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ትመስላለች። መቀመጫዋ ላይ ጠርዙ በሥርዓት የተሰፋ ትራስ አለ። ጋሼ ይሁን ዞራት። የሞተሯን ክዳን በመዳፉ ዳሰሰ።

«መቼም ታምራለች» አለ። ልማድ ነውና ዝም ብሎ ጠበቀ።

«ምኗ ነው የሚያምረው?» አለች ሰፊዋ።

ጋሼ ይሁን ክው አለ። ዞሮ አያት። እሷ እሱን ሳይሆን ትራክተሯን ነበር የምታየው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«አይደለም እንዴ? ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ትንሽ እንደሄዱ እንደ ቁንጫ ዘላ ትወጣለች። በጉልበትዎ ደግፈው መያዝ አለብዎት። ባሌ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ማርሽ የሠራችው ጠባሳ ነበረው።»

«ማርሽ ይስተካከላል» አለ ጋሼ ይሁን። «ሞተሯ ጠንካራ ይመስላል።»

«ዘይት ታንጠባጥባለች።»

«ትንሽ ማንጠባጠብ ለዝገት ጥሩ ነው።»

«ፍሬኗ ወደ ግራ ይጎትታል።»

«የኔ ማሳ የሚዞረው ወደ ግራ ነው።»

ሰፊዋ ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አቃታት። «እርስዎ ሰውዬ፣ ሊገዙኝ ነው የመጡት ሊሸጡልኝ?»

«እንጃ» አለ ጋሼ ይሁን። እውነቱን ነው። እሷ በነቀፈች ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ እሱ ባመሰገነ ቁጥር መልሶ ይወጣል። ገበያው ተገለባብጦ የቱ ሻጭ የቱ ገዢ እንደሆነ ጠፋ። እሷ ራዲያተሩ ተበይዷል ስትል እሱ የተበየደ አይቀደድም ይላል። እሷ ቀለሟ ለቋል ስትል እሱ ድንች ቀለም አይመርጥም ይላል። ጋሼ ይሁን እንዲህ ተናግሮ ካወቀ ቆይቷል። ምላሱ መጀመሪያ ላይ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንገጫገጨ ነበር፤ ኋላ ኋላ እየለሰለሰ መጣ።

«ትነሳለች?» አለ በመጨረሻ።

«ለብቻዎ አትነሳም።»

ከጥላው ጥግ መዶሻ አመጣች። «ሞተሪኖዋ፣ ይቺ የምታስነሳት ትንሿ ነገር፣ ትይዛለች። አንድ ሰው ላይ ሆኖ ቁልፍ ሲያዞር ሌላ ሰው ታች ሆኖ በመዶሻ መታ መታ ካላደረጋት ዝም ነው። ይውጡ በሉ።»

ወጣ። ትራሱ ላይ ተቀመጠ። እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በርከክ አለችና «አሁን» አለች። አዞረ። ከታች ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ምንም የለም።

«አይልቀቁት። እንደያዙት ይቆዩ። አሁን።»

ጣ፣ ጣ። ትራክተሯ አነጠሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። ቆርቆሮው ከላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰፊዋ ብድግ ብላ እጇን አራገፈች፤ ሳታስበውም አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ፣ ከጎማው በላይ ወዳለው ሰፊ ፓራፋንጎ ልትወጣ ከጀለች። መሃል ላይ ቀጥ አለች። ወዴት እየሄደች እንደነበር አሁን ገና የገባት መሰለች። እግሯን መልሳ አወረደች።

ጋሼ ይሁን ያላየ መስሎ መሪውን ያይ ነበር። ሞተሩን አጠፋ።

«ሞተሪኖዋን ለምን አላስቀየራችኋትም?» አለ።

«መካኒኩ በነጻ ልቀይርላችሁ ብሎ ነበር። ተው አልነው።»

«ለምን?»

«ቢቀየርማ እሱ ጠዋት ተነስቶ ዝም ብሎ ይሄድ ነበራ። እኔም ተኝቼ እቀር ነበር።» መዶሻውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ተኳርፈን ያደርን ቀን እንኳ ወርጄ እመታለት ነበር። ሌላ ቃል የለ፣ 'አሁን' ብቻ። እሷን ካልኩ በኋላ ደግሞ ምን ኩርፊያ አለ።»

«እህቴ፣ በውነት መሸጥ ይፈልጋሉ?»

«ልጄ ይፈልጋል። ቦታ ያዘች ይላል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ይኸው፣ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ» አለች፤ ዓይኗን ግን ወደ ሸራው አሸሸች።

ይህን መልስ ጋሼ ይሁን ያውቀዋል። የሚስቱን ካፖርት የጠየቀችውን ዘመድ «ብል በልቶታል» ብሎ መልሷታል፤ ካፖርቱን ብል አልነካውም። ሴትዮዋም እንደዚያው ናት። ለሚነቅፍባት ተቆጥታ አትሸጥም፣ ለሚያመሰግንላት ደግሞ ራሷ ትነቅፍና ታባርረዋለች፤ በየትም በኩል ትራክተሯ ከሸራው ሥር አትወጣም።

ቢሆንም አሁን አንድ ነገር ማለት ነበረበት። «ይሽጡልኝና ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ ይምቱልኝ» ማለት። ወይም «እዚሁ ትደር፣ እኔ መጥቼ አብረን እናስነሳት» ማለት። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ነውርም የለበትም፤ ሁለት አዛውንትና አንድ መዶሻ ናቸው። በሆዱ አስተካክሎ አዘጋጀው። ሊለው ሲል ግን ቃሉ እንደዚያች ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ ወጣበት።

«ቤት መዶሻ የሚይዝልዎት ሰው አለ?» አለችው እሷ።

«የለም።»

«እንግዲያው ለብቻው ላለ ሰው የምትሆነው አዲሷ ናት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እውነቴን ነው። አሮጌ ነገር ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

ጋሼ ይሁን አፉን ከፈተ። ሌላ ቃል ሊወጣ ነበር። የወጣው ግን «ይሁን» ነው።

ሸራውን አብረው አለበሷት። እሷ ከአንድ ጫፍ፣ እሱ ከሌላው ጫፍ ይዘው፣ ዳሩን እኩል አድርገው፣ ሳቡት። ለሁለት ሰው ቀላል ሥራ ነውና ቶሎ አለቀ። «ደህና ይዋሉ» ተባብለው ተለያዩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ፤ ሁለተኛው ላይ በሯ ተዘግቷል፣ የስፌት መኪናዋም መሮጥ ጀምራለች።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይላሉ። ጋሼ ይሁን ግን መልአኩን ሊገዛ ሄደ።

«እናታችንስ? አልመጡም?» አለው ሻጩ።

ጋሼ ይሁን እስክሪብቶውን ተቀበለና ትንሽ አየው። «እሷ… ተስማምታለች» አለ።

«ምንም ቅር አላላቸውም?»

«ምንም አላለችም።»

«እንዲህ ያሉ ባለቤት ይስጥ ነው» አለ ሻጩ ከልቡ። ጋሼ ይሁን ፈረመ። የሚነቅፍ ሰው ስላልነበረ ዋጋው ቅንጣት አልወረደም። ሻጩ ብቻ ከመሳቢያው የድርጅቱ ምልክት ያለበት ኮፍያ አውጥቶ «ስጦታ ነው» ብሎ ሰጠው። ኮፍያው ሰፍቶት ጆሮው ላይ አረፈ።

ትራክተሯን በጭነት መኪና ያመጣው ሹፌር ቀልጣፋ ሰው ነው። አወረዳት፣ አስነሳት፣ ይሄ ማርሽ፣ ይሄ ማረሻውን ማንሻ፣ ይሄ ማውረጃ ብሎ አሳየው፣ ላስቲኳን ከመሪው ላይ ገፎ በኪሱ ከተተ። «ገባ በልና ምሳ ቅመስ» ሲለው «ሌላ ቦታ ይጠብቁኛል አባቴ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። አቧራው ሳይወርድ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ይሁን ቁልፉን ነካ፤ ወዲያው ተነሳች። ሻጩ አልዋሸም። ድምፅዋ የሰው ሹክሹክታ ያህል ነው። ማረሻውን አወረደና ሄደ፤ አፈሩ በስተኋላው እንደ ተገለጠ ብርድ ልብስ እየተገለበጠ ወጣ። በቦዩና በአጥሩ መሃል ዞረች፣ ጥጉ ድረስ ገባች፣ የአጥሩን እንጨት ሳትነካ ወጣች። ደስ አላለውም ብል ውሸት ነው። አንዴ እንዲያውም ብቻውን ሳቀ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ቀጥ ያለ ፈር አውጥቶ አያውቅም ነበር።

የድሮው ባለ ትራክተር ይህን ማሳ ሲያርስ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበት ነበር፤ አንዳንዴም ለነገ ያሳድራል። ሲጀምር ሞተሯን ይሰድባል፣ ሲያርፍ ስለ ሌላው መንደር ያወራል፣ ምሳ ይበላል፣ ጨው አነሰው ይላል፣ የጋሼ ይሁን ሚስትም «ጨውህን ከቤትህ ይዘህ ና» ትለዋለች። አሁን ጋሼ ይሁን የመጨረሻውን ፈር ጨርሶ ቀና ሲል ፀሐይ ገና አናት ላይ አልደረሰችም። ማሳው አልቋል። ቀኑ ግን ገና ነው።

ስልኩን አውጥቶ ልጁ ጋ ደወለ።

«አባዬ፣ ጀመርክ?»

«ጨረስኩ።»

«ጨረስኩ? አሁን? አየህ፣ አላልኩህም?» ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «አባዬ፣ እንግዲህ ከሆነልህ… ያቺ ክፍል። ልጆቹ እየነዘነዙኝ ነው። ትልቋ ብቻዬን ካልተኛሁ ብላለች። ባዶዋን ከምትቀመጥ ብዬ ነው። አንተ ስትመጣ ደግሞ ሳሎን እናነጥፍልሃለን።»

ጋሼ ይሁን የታረሰውን ማሳ አየ። የፈለገው ይኸው ነበር፤ ቤቱ የእሱ፣ መሬቱ የእሱ፣ ያቺም ክፍል ላትውጠው። አሸንፏል። ታዲያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሩቁ በር ሲዘጋ የሰማ መሰለው።

«ይሁን» አለ። «ስጪያቸው።»

«ቅር አለህ?»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል። ሰው ሲተኛባት ጥሩ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባልዲ አምጥቶ ጭቃዋን አጠባት። ብዙ ጭቃ አልነበራትም። በጨርቅ አደረቃት። ከዚያም የሚሠራው ሲያጣ መሪዋን ወደ መንገዱ አዙሮ አጥሩ ጋ አቆማትና ላይዋ ላይ ተቀመጠ። ከመቀመጫዋ ላይ ሲሆኑ መንገዱ እስከ ኩርባው ድረስ ይታያል። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ያይ ጀመር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ጥድፊያ በብስክሌት ብቅ አለ፤ የሚያባርረው ያለ ይመስል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ። መሬቱን ነፈግከኝ አይደል?» አለ ሳይቆም። «እንዴት ናት?»

«ጥሩ ናት።»

«ጥሩ ከሆነችማ ጥሩ ነው» ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። አለፈ። ጀርባው መራቅ ጀመረ።

«ግን…» አለ ጋሼ ይሁን። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኾ ወጣ።

ብስክሌቱ ዘገም አለ። «ግን ምን?»

ጋሼ ይሁን በዕድሜው ዕቃ ነቅፎ አያውቅም። ከኮፍያው ሥር ጆሮው ጋለ። «አንድ ድምፅ አላት… ከውስጥ። እንደ… እንደ ሳል ያለ።»

«አዲሷ?» ጥድፊያ ፍሬን ያዘ። የሰው አዲስ ዕቃ እንከን ተገኘበት ሲባል የማይቆም እግር የለም። «ይህን ሁሉ ከፍለህ ሳል? አከራየኝ ብዬህ አልነበር?» ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ገባ። «አስነሳት እስቲ።»

ቁልፉን ነካ። ተነሳች፤ እንደ ጠዋቱ፣ ለስላሳ። ጥድፊያ ክዳኗን ከፍቶ አንገቱን ቀበረ። ሲያዳምጥ ፊቱ ረጋ አለ። ሰውየው ሲቆም እንዲህ ያለ ፊት እንዳለው ጋሼ ይሁን እስከዛሬ አያውቅም ነበር።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ጥድፊያ።

«ቆይ» አለ ጋሼ ይሁን፤ ከመቀመጫው ወርዶ አጠገቡ ጎንበስ አለ። «አንዳንዴ ይጠፋል። ትንሽ ብንቆይ ይመጣል።»

«ትንሽ ሲባል?»

«ትንሽ ነው።»

ጥድፊያ መንገዱን አየ፣ ደመናውን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ።